ከአሞሌው የጎደለው ንጥረ ነገር

እስቲ ለቡ ውስጥ ካሉት ማዕድ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ የጨው እሽጉን አንሱ። «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ታገኙበታላችሁ። አብዛኞቻችን ሳናነበው ነው ቀደን ወጡ ውስጥ የምንጨምረው። ግን ከዚህች አጭር ጽሑፍ ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ፤ ታሪኩን የሚፈታው ደግሞ ክፍል ውስጥ የምትማሩት ኬሚስትሪ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨው አገራችን ውስጥ ገንዘብ ነበር። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሰዎች በጨው ሲገበያዩ አይቶ ጽፏል። ከአፋር ጨው ሜዳ ተጠርቦ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይጓዛል፤ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አፄ ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ውስጥ የብር ገንዘብ ማስቀረጽ ከጀመሩ በኋላ እንኳ አሞሌ ከገበያ ቶሎ አልጠፋም።

ይህን ያህል የተደከመለት ጨው ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። ሶዲየምም ክሎሪንም አለው፤ አዮዲን ግን የለውም ማለት ይቻላል።

«ጨው ከባሕር አይደል የመጣው? ባሕር ውስጥ ደግሞ አዮዲን አለ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የአፋሩን ጨው ያስቀመጠው ጥንት ወደዚያ ገብቶ የተነነው የቀይ ባሕር ውኃ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። በዚያው ሊትር ውስጥ ያለው አዮዲን ግን 60 ማይክሮ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሁሉም ከጨው ጋር ቢቀር እንኳ አንድ ግራም ጨው 2 ማይክሮ ግራም አዮዲን አይሞላውም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል። ይህን ከተራ ጨው እናግኝ ካልን በቀን ከ80 ግራም በላይ ጨው መብላት ሊኖርብን ነው! የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ ከ5 ግራም በታች ነው።

ከምግብስ አናገኝም? እዚህ ላይ ደጋ መኖር ዋጋ ያስከፍላል። ለቡ ጣቢያ መንገደኛ አሳፍሮ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ባቡር አስቡት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ ባሕር ዳር ይደርሳል። አዮዲንም ጉዞው ቁልቁል ነው። ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ የደጋ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። አፈሩ ከሌለው እህሉም የለውም፤ እህሉ ከሌለው እኛም የለንም።

አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ታይሮክሲን የሚባለውን ሆርሞን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ አራት የአዮዲን አቶሞች አሉ። አዮዲን ሲያጥረው ዕጢው ያለችውን ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል። ይኼ ነው እንቅርት። ከዚህ የከፋው ግን አንገት ላይ አይታይም። እርጉዝ እናት አዮዲን በጣም ካነሳት የጽንሱ አእምሮ እድገት ይጎዳል።

መፍትሔው የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1811 ፈረንሳዊው በርናር ኩርቷ ለባሩድ የሚሆን ጨው ለማግኘት የባሕር አረም አመድ ይመረምር ነበር። አመዱ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ሲያበዛበት ሐምራዊ እንፋሎት ብድግ አለ። ያ አዮዲን ነበር። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ እንቅርት ያለባቸውን ሰዎች በአዮዲን ማከሙን አሳወቀ። በ1922 ስዊዘርላንድ፣ በ1924 ደግሞ አሜሪካ አዮዲንን ጨው ውስጥ መጨመር ጀመሩ። ለምን ጨው? ሀብታምም ድሃም በየቀኑ ስለሚበላው ነዋ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው በአብዛኛው ከምጽዋና ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ፊታችንን ወደ አፋሩ አፍዴራ አዞርን፤ ጨው ተገኘ፣ አዮዲኑ ግን አብሮ አልመጣም። በ2011 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው ያገኘው ከቤተሰቦች 15 በመቶ ያህሉ ዘንድ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204 የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ገደማ ደረሰ። በአምስት ዓመት!

አዋጭው የትኛው ውህድ ነው የሚለውም የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው። ፖታሲየም አዮዳይድ ከክብደቱ 76 በመቶው አዮዲን ነው፤ ፖታሲየም አዮዴት ግን 59 በመቶው ብቻ። ታዲያ እኛ ለምን ሁለተኛውን እንጠቀማለን? አዮዳይድ እርጥበት ባለበት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሮኑን ይነጠቃል፤ ወደ ነጻ አዮዲን ይለወጥና ተንኖ ይጠፋል። አዮዴት ውስጥ ያለው አዮዲን ግን አስቀድሞ ከሦስት የኦክስጅን አቶሞች ጋር ስለተጣመረ የኦክሲዴሽን ቁጥሩ +5 ነው፤ አየሩ በቀላሉ የሚነጥቀው ኤሌክትሮን የለውም። ከአፋር ሙቀት ተነስቶ በክረምት ዝናብ መሃል ለሚጓዝ ጨው የሚሻለው የሚበዛው ሳይሆን የሚቆየው ነው።

ቢሆንም አዮዴትም ቢሆን የማይበገር አይደለም። እሽጉ ላይ «አዮዲን ያለው» መባሉ በፋብሪካው የገባውን እንጂ ድስታችሁ ውስጥ የሚደርሰውን አይነግራችሁም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ማዕድ ቤት ስትገቡ የጨው ዕቃው ክዳን መኖሩን እዩ። ከምድጃው አጠገብ ከሆነ አርቁት። ጨው ቆሻሻ አለው ብሎ የሚያጥብ ሰው ቤት ካለ፣ አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር እንደሚሄድ በትሕትና ንገሩት። ወጡ ላይም ጨው ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይመረጣል።

አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» ይላሉ። ዛሬ ግን መጣፈጡ ብቻ አይበቃውም።