ወቅት በሌለበት አገር የአበባ ጉባኤ ፦ ስለ ማላያ የኦርኪድ ማኅበር

ኦርኪድ የተባለውን የአበባ ወገን በማኅበር ተሰብስቦ የማሳደግ ልማድ በአውሮፓውያን ዘንድ የገነነው፣ አበባው በብዛት ከሚገኝበት ከሞቃቱ አገር ርቆ፣ በብርድ አገር ነው። በ1804 በለንደን የተመሠረተው የአትክልት ማኅበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በ1889 ኦርኪድን ብቻ የሚመረምር ልዩ ሸንጎ አቆመ። ቻይናውያን ግን ከዚህ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው፣ በ1233፣ ስለ ኦርኪድ ዓይነትና አስተዳደግ መጽሐፍ ጽፈው ነበርና የመጀመሪያነቱን ክብር ለእንግሊዞች መስጠት አይገባም። የእንግሊዝ ባለጸጎች አበባውን ያሳድጉ የነበረው በመስታወት ቤት ውስጥ በእሳት ሙቀት ነው። ጉባኤያቸውም ወቅትን ይከተላል፤ ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲጠና፣ በግንቦት ወር፣ በቼልሲ የሚደረገው ታላቁ የአበባ ትርኢት ከ1913 ጀምሮ የዚህ ሥርዓት ዋና ምልክት ሆኗል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። አደይ አበባ መስከረም መጥባቱን ያበሥራል፤ ዘመነ ጽጌም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ የተወሰነ ነው። አበባ ወቅትን፣ ወቅትም ጉባኤን ይጠራል። የሲንጋፖር ደሴት ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የምትርቀው 137 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚያ በጋና ክረምት ብሎ መለየት አይቻልም። ነፋሱ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል እንጂ ዝናቡ ከየወሩ አይጠፋም፤ ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አበባ አሳዳጊዎች መሰብሰቢያ ቀናቸውን በምን ይቀጥራሉ? ከተሰበሰቡስ በኋላ የሚታየው አበባ የማን ነው ይባላል? የማላያ የኦርኪድ ማኅበር ታሪክ ለእነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚያ አገር ማንም ሳይጠራው በራሱ የሚሰበሰብ አንድ አበባ አለ። ይኸውም በመንገድ ዳር ዛፎች ላይ ተጣብቆ የሚያድገው፣ ነጭነቱና ቅርጹ የምትበር እርግብ ስለሚመስል የእርግብ ኦርኪድ የተባለው ነው። እምቡጦቹ በመጠኑ ካደጉ በኋላ ዕድገታቸውን አቁመው እንደ ተኙ ይቆያሉ። ከዚያም ድንገት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ አየሩን ሲያቀዘቅዘው ይነቃሉ፤ በዘጠነኛው ቀን ገደማ በዚያ ሰፈር ያለው ሁሉ በአንድ ጧት ይፈነዳል፤ መዓዛውም አካባቢውን ይሞላዋል። በማግሥቱ ግን ጠውልጎ ይገኛል። እንዲህ ያለው አበባ ለሚያልፍ ሰው ደስታ ቢሆንም ለዳኞች ጠረጴዛ የሚመች አይደለም፤ ቀጠሮ አያውቅምና። ማኅበር የሚያቆም ሰው በተወሰነ ቀን የሚገኝ፣ ብዙ ቀንም የሚቆይ አበባ ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለው አበባ የተገኘው ማኅበሩ ከመመሥረቱ 35 ዓመት አስቀድሞ ነው። በ1893 በሲንጋፖር ትኖር የነበረች አግነስ ጆአኪም የተባለች የአርመን ሴት ከዚያ በፊት ያልታየ ኦርኪድ ይዛ የዕፅዋት ገነቱን ሹም ሄንሪ ሪድሊን አሳየችው። (አርመኖች በአዲስ አበባም የኖሩ ናቸው፤ በ1924 ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን አርባ ልጆች የማያስታውስ ጥቂት ነው። በሲንጋፖርም ቁጥራቸው ትንሽ ሲሆን በ1835 የሠሩት ቤተ ክርስቲያን በደሴቲቱ ካሉት የክርስቲያን ቤተ መቅደሶች ሁሉ የቆየው ነው።) ሪድሊ አበባውን መርምሮ፣ አንደኛው ወላጅ የማላያ ረግረግ ተክል የሆነው ቫንዳ ሁከሪያና፣ ሁለተኛው ከበርማ በኩል የሚመጣው ቫንዳ ቴሬስ መሆኑን ተረዳ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በለንደን በሚታተም የአትክልተኞች ጋዜጣ ላይ ቫንዳ ሚስ ጆአኪም ብሎ ሰየመው። ሁለቱን ያዳቀለችውም እርሷ መሆኗን በግልጽ ጻፈ።

ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶች አግነስ አበባውን በቀርከሃ መካከል በቅሎ አገኘችው እንጂ አላዳቀለችውም፤ ያዳቀለችው እንጨት የምትበሳ ትልቅ ጥቁር ንብ ናት አሉ። የቀርከሃው ነገር በቤተ ዘመድ መካከል በቃል ሲወርድ የመጣ ነው። በቃል የሚወርድ ትውፊት ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የረሳውን ስለሚጠብቅ መናቅ የለበትም። በዚህ ጉዳይ ግን ሚዛኑ ወደ ጽሑፉ ያደላል፤ ሪድሊ ሴትዮዋን በአካል ያነጋገረ፣ ተክሉንም በእጁ የያዘ የዕፅዋት ሊቅ ነበረና፣ ያልሠራችውን ሠራች ብሎ የሚጽፍበት ምክንያት አይታይም። በነገሩ ውስጥ ሌላም የተሰወረ ሐሳብ ሳይኖር አይቀርም፤ ይኸውም ሴት፣ ያውም የሳይንስ ትምህርት ያልተማረች፣ እንዲህ ያለውን ሥራ አስባ ልትሠራው አትችልም የሚል ነው። በ2016 የሲንጋፖር የቅርስና የመናፈሻ መሥሪያ ቤቶች አዳቃይዋ እርሷ መሆኗን ተቀበሉ።

በሕይወቷ ሳለች ያገኘችው ክብር መጠነኛ ነው። አበባው በ1897 በለንደን ታይቶ የአንደኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ሲሰጠው፣ ያቀረበው በዚያ አገር ያሳደገው ባለጸጋ ሰር ትሬቨር ሎሬንስ ነበር። እርሷ ራሷ በ1899 በሲንጋፖር የአበባ ትርኢት ላይ ብርቅ ለሆነ ኦርኪድ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ሽልማት ተቀበለች፤ ወዲያው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጀመሪያ ዐረፈች። መቃብሯ ዛሬ በአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገኛል።

የዚህ አበባ ጠባይ ግን ከባለቤቷ ዕድሜ በኋላ ብዙ ነገር ለወጠ። ዓመቱን ሙሉ ያብባል፤ ጥላ አይፈልግም፤ ቁራጩ በተርታ ተተክሎ በጠራራ ፀሐይ ያድጋል። ስለዚህ ኦርኪድ የመስታወት ቤት ያለው ሰው ብቻ የሚይዘው ነገር መሆኑ ቀረ፤ ትንሽ ማሳ ያለውም ለገበያ ሊያሳድገው ቻለ። ወቅት በሌለበት አገር ወቅት የማይጠብቅ አበባ ተገኘ ማለት ነው።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1928 ነው። መሥራቾቹ የዕፅዋት ገነቱ አስተዳዳሪ ኤሪክ ሆልተም፣ ጠበቃው ጆን ሌኮክና ኤሚል ጋሊስታን ነበሩ። ሆልተም በዚያው ዓመት በገነቱ ውስጥ ኦርኪድ የማዳቀል ሥራ ጀመረ። ከአውሮፓ የሚመጡት ዝነኛ ዝርያዎች አብዛኞቹ የቀዝቃዛ ደጋ ልጆች ስለ ሆኑ በሲንጋፖር ሙቀት አያብቡም ነበርና፣ ለቆላው የሚስማማ አበባ ከቆላው ወላጆች መፈጠር ነበረበት። ችግሩ ዘሩን ማብቀሉ ላይ ነበር። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ይገኛል፤ ነገር ግን እንደ ስንዴ ወይም እንደ ባቄላ ለቡቃያው ስንቅ አይዝም። በዱር ሲሆን አንድ ዓይነት ሻጋታ ወደ ውስጡ ገብቶ ካልመገበው በቀር እንደማይበቅል ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር በ1899 አወቀ። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ነድሰን፣ ከባሕር ተክል የሚወጣ እንደ ሙጫ የረጋ ነገር ከስኳርና ከማዕድን ጨው ጋር በጠርሙስ ውስጥ አድርጎ፣ ሻጋታው ሳይኖር ዘሩ እንደሚበቅል አሳየ። ሆልተም ይህንን ዘዴ ወደ ሲንጋፖር አመጣው። ከገነቱ የመጀመሪያው ዲቃላ በ1931 አበበ፤ በዚያው ዓመት የማኅበሩ መጽሔት መታተም ጀመረ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠማቸው የሚገርም አይደለም፤ በቤተ ሙከራ የተገኘው ዕውቀት ወደ ቤት አትክልተኛው የሚደርሰው በመጽሔቱና በስብሰባው ነበር።

የማኅበሩ ስብሰባ ወርኃዊ ነው። በዚህ ረገድ ከሐበሻው ወርኃዊ ማኅበር ጋር መልኩ ይቀራረባል፤ በዚህም በዚያም ቀኑን የሚወስነው የሰማዩ ሁኔታ ሳይሆን የሰዎች ውል ነው። ማኅበርተኛው ያበበለትን ተክል ከነሸክላው ተሸክሞ ይመጣል፤ በጠረጴዛ ላይ ይደረድረዋል፤ ዳኞች የአበባውን ቅርጽ፣ ቀለም፣ ስፋት፣ በአንዱ ዘንግ ላይ ያለውን ቍጥርና አደራደሩን ይመረምራሉ። ታላላቆቹ ትርኢቶች ከዚህ የሰፉ ናቸው፤ ሥርዓታቸው ግን ያው ነው። ከአበባው አጠገብ የሚቆመው ካርድ የአበባውን ስም፣ የሁለቱን ወላጆች ስምና የባለቤቱን ስም ይይዛል።

ካርዱን ትኩር ብሎ ላየው ብዙ ነገር ይናገራል። በአማርኛ ዲቃላ የሚለው ቃል ነውር ያዘለ ነው፤ ከሕግ ውጭ የተወለደ፣ ወገኑ ያልታወቀ ማለት ይሆናል። በኦርኪድ አሳዳጊዎች ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዲቃላው ከሁሉ የከበረ፣ ትውልዱም ከሁሉ ይልቅ ተጣርቶ የተጻፈ ነው። ሐረግ የምንለው ቃል ተክልንም ዘርንም የሚጠራ መሆኑ በዚህ ስፍራ ልዩ ውበት ያገኛል። ሁለቱ ወላጆች ሲጻፉ የእናቲቱ፣ ማለት ዘሩን የተሸከመችው፣ ስም ይቀድማል። በአባት ስም ለሚጠራ ሕዝብ ይህ ልማድ ትንሽ ያስገርመዋል። መዝገቡ በ1906 ሳንደር በተባለ የእንግሊዝ ኦርኪድ ነጋዴ ስም መታተም ጀምሮ፣ ከ1961 ወዲህ በለንደኑ የአትክልት ማኅበር ይጠበቃል። በሲንጋፖር ጓሮ የተወለደ አበባም ስሙ የሚጸናው በዚያው መዝገብ ሲገባ ነው።

በመዝገብ መጻፍ ለቤተ ሰብ ምን ያህል ክብር እንደ ነበረ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ሪድሊ ከአበባ ይልቅ ጐማ በማስፋፋት የታወቀ ሰው ነበር፤ የእርሱን ምክር ሰምቶ በ1896 በማላካ የመጀመሪያውን የጐማ ተክል ለንግድ የተከለው ቻይናዊው ታን ቻይ ያን ነው። ልጁ ታን ሁን ሲያንግ ኦርኪድ አሳዳጊ ሆነ፤ በ1952 የተመዘገበውንም ዲቃላ በአባቱ ስም ቫንዳ ታን ቻይ ያን አለው። በ1954 ይህ አበባ በቼልሲ ትርኢት የአንደኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት አገኘ። የሎሬንስ ዘመን እንደ ተለወጠ በዚህ ይታያል፤ በለንደን ጠረጴዛ ላይ የእስያዊው አዳቃይና የአባቱ ስም አብረው ቆሙ።

በካርዱ ላይ የማይገኝ ሦስተኛ ስም ግን አለ። በማላያ በየባለጸጋው ቤት ከቡን የሚባል አትክልተኛ ነበረ፤ ቃሉ በማላይኛ ጓሮ ማለት ሲሆን ሠራተኛው በሥራው ስፍራ ስም መጠራቱ ነው። ጧት የሚያጠጣ፣ ተባይ የሚለቅም፣ ሥሩን በከሰልና በጡብ ስብርባሪ ላይ የሚያሥር እርሱ ነበር። የኦርኪድን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ባለቤቱን ሲያወድሱ ይህን ሰው በስም አያነሡትም፤ ይህም በማኅበሩ ላይ ብቻ የሚፈረድ አይደለም፤ በሌላ አገርም የተለመደ ነው።

በየካቲት 1942 ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ስትወድቅ የማኅበሩ ሥራ ተቋረጠ። ሆልተም ግን በዕፅዋት ገነቱ እንዲቆይና ምርምሩን እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ጦር የማረከው ሰው የማረከውን ወገን ሊቃውንት አብሮ እያየ ዕፅዋት ሲመረምር መኖሩ በዚያ ዘመን ታሪክ ከሚያስደንቁ ነገሮች አንዱ ነው። ስለ ማላያ ኦርኪዶች ያዘጋጀው ታላቅ መጽሐፍ በ1953 ታተመ። ከጦርነቱ በኋላ ማኅበሩ ተመልሶ ቆመ፤ በ1963 አራተኛው የዓለም የኦርኪድ ጉባኤ በሲንጋፖር ተደረገ፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሦስቱ በሴንት ሉዊስ፣ በሆኖሉሉና በለንደን ተደርገው ነበር። ሲንጋፖር በ1965 ከማሌዥያ ተለይታ ራሷን ቻለች፤ ማላያ የሚለውም ስም ከማኅበሩ ላይ ቀርቶ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የኦርኪድ ማኅበር ተብሎ ይጠራል።

የአግነስ አበባ በሚያዝያ 15 ቀን 1981 የሲንጋፖር ብሔራዊ አበባ ሆኖ ተመረጠ። የዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ ሁለቱን ወላጆች ከቫንዳ ወገን አውጥተው ፓፒሊዮናንቴ ወደሚባል ወገን ስላዛወሯቸው፣ ልጅቱም በመዝገብ ፓፒሊዮናንቴ ሚስ ጆአኪም ተብላ ተጻፈች። የስሙ የፊተኛው ክፍል ተለወጠ፤ የኋለኛው፣ የሴትዮዋ ስም፣ እንዳለ ቀረ። ሕዝቡ ግን ዛሬም አበባዋን የሚጠራት በቀድሞው ስሟ ቫንዳ ሚስ ጆአኪም እያለ ነው።