የልጅ ድልና የአባት ድርሻ

አባትና ልጅ በርስት ሲጣሉ፣ በጋብቻ ሲጣሉ፣ ከጥንት ጀምሮ የታየ ነው። በጨዋታ ምክንያት መጣላታቸው ግን ብዙ ዕድሜ የለውም፤ ጨዋታ እንጀራ የሚያበላ ሥራ ከሆነ ወዲህ የመጣ ነገር ነውና። ወጣት አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ኳስ ወይም ሩጫ የሚወድ፣ ስለዚሁም ከቤቱ ሰዎች ጋር ቃል የተለዋወጠ ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ የጥቂት ስመ ጥር ስፖርተኞችን የልጅነት ታሪክ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ከአገራችን ልነሣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1973 በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ፣ 10 ልጆች ካሉበት የገበሬ ቤት ተወለደ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለ ነበረ ጧት ሮጦ ይሄዳል፤ ማታም ሮጦ ይመለሳል። ደብተሩን በግራ ክንዱ ደግፎ መሮጥ ከመልመዱ የተነሣ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንኳ ያን ክንዱን እንዳጠፈ ይሮጥ ነበር። በ1980 ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ማግኘቱን በሬዲዮ ሲሰማ ልቡ ተነሣ። አባቱ ግን ሩጫውን አልወደዱለትም። የሚፈልጉት ልጃቸው እንዲያርስ፣ አለዚያም ተምሮ ደመወዝተኛ እንዲሆን ነበር።

እኔ በእኚህ አባት አልፈርድም። በእርሳቸው ዘመን በሩጫ ቤቱን ያቆመ ገበሬ ማን ነበር? አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን ቢያሸንፍም፣ እርሱ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ እንጀራው ከወታደርነቱ እንጂ ከሩጫው አልነበረም። ኃይሌ በ1993 በሽቱትጋርት ከተማ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የመርሴዲስ አውቶሞቢል ተሸለመ፤ መንዳት ግን ገና አያውቅም ነበር። አባት ልጁን በሚያሳድግበት ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ ሊያስብ የሚችል አልነበረም። ክልከላው ከፍቅር ማነስ ሳይሆን ከረኃብ ፍርሃት የመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሚከለክል አባት እንዲህ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ ልጁን በግድ ወደ ሜዳ የሚገፋ አባት አለ፤ የዚህም ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው በቴኒስ ጨዋታ ነው። ሱዛን ሌንግለን የምትባል የፈረንሳይ ልጅ ጤናዋ ደካማ ስለ ነበረ፣ አባቷ ሙሴ ሻርል በ1910 የቴኒስ መምቻ ገዙላት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ 15 ዓመት በሞላት ሰሞን፣ በፓሪስ አጠገብ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈች። ጦርነቱ አልፎ በ1919 በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን ለዋንጫ በተጋጠመች ጊዜ ደግሞ፣ አባቷ ከዳር ተቀምጠው በኮኛክ የራሰ ስኳር ይወረውሩላት ነበር። ለጤና ተብሎ የተጀመረ ነገር እዚህ ደረሰ! ዋንጫውንስ ወሰደች፤ ከሞት የቀደማት ግን አልነበረም፤ በ1938 በ39 ዓመቷ ዐረፈች።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የአንድሬ አጋሲ ነገር ነው። አባቱ ኢማኑኤል አጋሲ በኢራን አገር በድህነት ያደጉ ሰው ሲሆኑ፣ በ1948 በለንደን፣ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ለአገራቸው በቦክስ ተጋጥመዋል። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ስማቸውን ማይክ አሰኙ፤ በላስ ቬጋስ ከተማ በቁማር ቤት ተቀጥረው እየሠሩ በግቢያቸው ውስጥ የቴኒስ ሜዳ አበጁ። በ1970 ለተወለደው ልጃቸውም ኳስ የሚተፋ መኪና አቆሙለት፤ ልጁ መኪናውን «ዘንዶ» ይለው ነበር። አባት ሒሳብ አስልተዋል፤ ይኸውም በቀን 2,500 ኳስ የሚመታ ልጅ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ይመታል፤ ይህን ያህል የመታውንስ ማን ያሸንፈዋል? የሚል ነው። በሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም። ልጁን ትወዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

አንድሬ 13 ዓመት ሲሆነው በፍሎሪዳ ወደሚገኝ የቴኒስ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ፤ በ1986 በ16 ዓመቱ ለገንዘብ ከሚጫወቱት ተርታ ገባ። በ2009 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ቴኒስን ከልቡ ይጠላ እንደ ነበር ጽፎአል። ይህን የሚለው ስምንት ታላላቅ ዋንጫዎች ያገኘ ሰው ነው።

በዚያው መጽሐፍ የተጻፈ አንድ ነገር አለ። አንድሬ በ1992 በዊምብልደን ጎራን ኢቫኒሴቪችን አሸንፎ የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫ ባገኘ ጊዜ ለአባቱ ስልክ ደወለ። ግጥሚያው አምስት ዙር ፈጅቶ ነበርና፣ አራተኛውን ተሸንፎ አምስተኛውን በማሸነፍ ነው ዋንጫውን የወሰደው። ከአባቱ አፍ የወጣው ቃል አራተኛውን መሸነፍ አልነበረበትም የሚል ሆነ። ልጁም አምስተኛውን ማሸነፉን አስታወሳቸው። ከስልኩ ማዶ መልስ ጠፋ። ዝም ብሎ ቢያዳምጥ፣ አባቱ እያለቀሱ ኖሮአል።

እኚህ አባት ልጃቸውን አይወዱም ነበር ለማለት የሚደፍር ማን ነው? በአገራችንም ልጁን ፊት ለፊት ማመስገን የሚያፍር፣ ለጎረቤት ግን የልጁን ጉብዝና ሲያወራ የሚውል አባት ስንት ነው! ዳሩ ግን ስሕተትን መቁጠር የአሠልጣኝ ሥራ ነው፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል። ልጅ ከሜዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ እዚያም ሌላ አሠልጣኝ ከቆየው፣ አሸነፈም ተሸነፈም የሚያርፍበት ቤት የለውም።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ የባሰ ይሆናል። ጄኒፈር ካፕሪያቲ በ1990፣ 14 ዓመት ሳይሞላት፣ ለገንዘብ መጫወት ጀመረች፤ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በ1994 ግን ዕፅ ይዛ ተገኘች ተብላ በፖሊስ ተያዘች። በ2001 ተመልሳ የአውስትራሊያንና የፈረንሳይን ዋንጫ መውሰዷን ስጽፍ ደስ ይለኛል። የሴቶች ቴኒስ ማኅበርም ከ1995 ጀምሮ ለታዳጊዎች የዕድሜ ገደብ አደረገ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1993 የሜሪ ፒርስ አባት በሜዳ ዳር በሚያሳዩት ክፉ ጠባይ ከውድድር ስፍራ ታገዱ፤ ወላጅን የሚቀጣ ደንብ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ልጅ እንዲጫወት አባት ከበር ይመለስ ተባለ ማለት ነው።

ሁሉንም ገፊ አባት በአንድ ሚዛን መመዘን ግን አይገባም። ሪቻርድ ዊልያምስ ልጆቻቸው ቬነስና ሴሬና ገና ሳይወለዱ የቴኒስ ዕቅድ የጻፉላቸው ሰው ናቸው። ሆኖም በ1991፣ ልጆቹ 10 እና 11 ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ማሸነፋቸውን እያዩ ከታዳጊዎች ውድድር አስወጡአቸው፤ ትምህርታቸውን እንዲከታተሉም አደረጉ። የሚያሸንፍ ልጅን አሳርፎ ማስቀመጥ ለአባት እጅግ ከባድ ሥራ ይመስለኛል። ሁለቱም በጊዜያቸው የዓለም አንደኛ ሆኑ።

ወደ አጋሲ ልመለስ። በ2001 ስቴፊ ግራፍን አገባ። እርሷም 22 ታላላቅ ዋንጫዎች ያገኘች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአባቷ የሠለጠነች ነበረች፤ አባቷ ፔተር ግራፍ በልጃቸው ገቢ ላይ ግብር ባለመክፈል በ1997 በጀርመን አገር ተፈርዶባቸዋል። እንግዲህ እኚህ ሁለት አባቶች በላስ ቬጋስ ተገናኙ። ማይክ እንግዳቸውን ወስደው ያን ኳስ የሚተፋ መኪና አሳዩአቸው፤ ወዲያውም የማን ልጅ አመታት ይበልጣል በሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ በ60ዎቹ፣ አንዱ 70 ዓመት ገደማ ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም ብዙ ዋንጫ የሰበሰቡ ናቸው። ክርክሩ ጠንክሮ ግራፍ ሸሚዛቸውን አወለቁ፤ የጥንቱ ቦክሰኛም ጡጫቸውን ጨበጡ። አንድሬ መካከላቸው ገብቶ ገላገላቸው።