ልጆቻችን የት ይዝለሉ?

እኛ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ እናቶች ያደግነው ደጅ ስንዘል ነው። ሰኞ ማክሰኞን በአንድ እግር ዘለናል፤ ከዛፍ ገመድ አስረን ዥዋዥዌ ተጫውተናል፤ ወንድሞቻችን ለቡሄ ጅራፍ ገምደው አጩኸዋል፣ ለገና ሜዳ ላይ ተራውጠዋል። ጉልበታችን ቢላጥም ሚዛን መጠበቅንና "እዚህ ላይ ይብቃኝ" ማለትን ያወቅነው ያኔ ነው።

ቀድሞ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩት የኔታ ዘንድ ተቀምጠው ነበር፤ ሲለቀቁ ግን ሜዳው የእነሱ ነው። በደርግ ዘመን በየከተማው የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ተስፋፉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር አለ። ከ2002ቱ የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህም "ኦ ክፍል" በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። በሩ ለድሃ ልጅ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የልጆቹ ቀን በፊደልና በቁጥር ተያዘ፤ ሜዳውም በቤት ተሞላ።

ጥፋቱ የእኛም ነው። አንድ ልጃችን ከዛፍ ወድቆ እጁ ሲሰበር "ሁለተኛ እንዳትወጡ" ብለን ሁሉንም ከለከልን። ልጆቹ ግን ተደብቀው ወጡ፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

ስንወያይ አደጋውን ከፈተናው ለየን። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ሚስማርና ክዳን የሌለው ጉድጓድ ይነሱ። ልጁ ዐይቶ ሊመዝነው የሚችለው ግንድ፣ ጉብታና ዥዋዥዌ ግን ይቆዩ። ከሥራቸው አሸዋ ይፍሰስ፤ አንዲት እናት በተራ ትጠብቅ። እሷም "ትወድቃለህ!" ብላ ከመጮህ "እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?" ብላ ትጠይቅ።

እናንተ ደጋፊዎቻችን ደብተርና እርሳስ ስትለግሱን ኖራችኋል፤ እናመሰግናለን። ዘንድሮ ግን አሸዋና ገመድም አስቡልን።