የማረጥ ዘመንና የሆርሞን ሕክምና፦ ታሪኩና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ መድኃኒት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሲወደስ፣ ሲወገዝ፣ እንደገና ሲወደስና እንደገና ሲወገዝ ማየት የተለመደ አይደለም። በማረጥ ዘመን ለሚደርሰው ሥቃይ የሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና ግን በዚህ ሁሉ አልፏል። የዚህም ዋናው ምክንያት፣ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ «መድኃኒቱ መልካም ነው ወይስ ክፉ?» ብለው መጠየቃቸውና «ለየትኛዋ ሴት፣ በስንት ዓመቷ፣ ለየትኛው ሕመም?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ ማስቀረታቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በአጭሩ መተረክና በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ እንዲሁም በመሰል ሥፍራዎች ለሚያገለግሉ የሙያ ባልደረቦቻችን የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ነገሩና ስሙ

ከግዕዝ የወረስነው አነጋገር የወር አበባን «ልማደ አንስት» ይለዋል። ይህ ልማድ ለዘለቄታው ሲቋረጥ ሴቲቱ «አረጠች» ትባላለች። ማረጥ በሽታ አይደለም፤ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚደርስ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። በአገራችንም የራሱ ክብር አለው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ሥርዓት በወር አበባዋ ወቅት ከቤተ መቅደስ ርቃ ትቆም የነበረች ሴት፣ ካረጠች በኋላ ይህ እገዳ አያገኛትም።

ይሁን እንጂ ልማዱ ከመቆሙ በፊት ባሉት ዓመታት የእንቁላል ዕጢዎች ሥራ ይዛባል። ደሙ በአንዱ ወር ቀርቶ በሌላው ይበዛል፤ እንደ ወላፈን ያለ ሙቀት ድንገት ፊትንና ደረትን ይወርራል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቃል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ልብ በኃይል ይመታል፤ ጠባይ ይለዋወጣል። አንዳንዷ ሴት ይህን ዘመን ሳይታወቃት ታልፈዋለች፤ ሌላይቱ ግን ለዓመታት ትሠቃይበታለች። የሆርሞን ሕክምና ታሪክም የተጀመረው ከዚህ ሥቃይ ነው።

ከባዝራ የተገኘው መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1889 የ72 ዓመቱ ሐኪም ሻርል ብራውን ሴካር ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ወስዶ ጉልበቱ እንደ ታደሰለት በፓሪስ አስታወቀ። ውጤቱ በኋላ ባይጸናም፣ ዕጢዎች በደም የሚሰራጭ ኃይል ያመነጫሉ የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን አነቃቃ፤ በ1890ዎቹም በጀርመን አገር በማረጥ ለሚሠቃዩ ሴቶች ከእንስሳት የእንቁላል ዕጢ የተዘጋጀ መድኃኒት መስጠት ተጀመረ። «ሆርሞን» የሚለውን ቃል እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በ1905 አስገባው። በ1923 አሜሪካውያኑ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይሲ የእንቁላል ዕጢን ሆርሞን ኃይል የሚለኩበትን ዘዴ አገኙ። በ1929 ደግሞ ዶይሲ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡቴናንት በጀርመን፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር ኤስትሮን የተባለውን ሆርሞን ከነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት አጥርተው አወጡ። በዓመቱ በርንሃርት ሶንዴክ ያረገዘች ባዝራ ሽንት በዚህ ዓይነት ሆርሞን እጅግ የበለጸገ መሆኑን ገለጠ።

ከዚህ ግኝት የተሠራው «ፕሬማሪን» የተባለው ክኒን በ1941 በካናዳ፣ በ1942 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ስሙም ያረገዘች ባዝራ ሽንት ማለት ከሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት ተቀንጭቦ የተገጣጠመ ነው።

ይህን ለአዊ ሰው መንገር ተገቢ ይሆናል። ሰባት ቤት አገው የፈረስ አገር ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ፈረስ በዚህ አገር የክብር እንስሳ ቢሆንም ሥጋው አይበላም። ስለዚህ አንዲት በሽተኛ የመድኃኒቱን አመጣጥ ሰምታ ብታመነታ፣ ጥያቄዋ የእምነትና የንጽሕና ጥያቄ ነውና ሊናቅ አይገባውም። ዛሬ ከዕፅዋት ንጥረ ነገር የሚዘጋጅ ኤስትራዲዮል ስለሚገኝ፣ ባለሙያው ሌላ ምርጫ መኖሩን በቅንነት ሊነግራት ይችላል።

ውዳሴና ውግዘት

በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ማረጥን እንደ ሆርሞን እጥረት በሽታ የሚቆጥርና ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ኤስትሮጅን ብትወስድ ወጣትነቷን ታቆያለች የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ መድኃኒቱም በምዕራቡ ዓለም ተስፋፋ። ብዙም ሳይቆይ በታኅሣሥ 1975 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ኤስትሮጅን ብቻውን በሚወስዱ ሴቶች ላይ የማሕፀን የውስጥ ሽፋን ካንሰር ከአራት እጥፍ በላይ እንደሚበዛ አሳዩ። ውዳሴው ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

መፍትሔው ግን ከራሱ ከተፈጥሮ ተገኘ። የማሕፀንን ሽፋን ኤስትሮጅን ሲያሳድገው ፕሮጄስትሮን ስለሚገታው፣ ማሕፀን ላላት ሴት ሁለቱን አጣምሮ መስጠት ልማድ ሆነ። መድኃኒቱም ተመልሶ ተወደሰ፤ እንዲያውም ልብን ከበሽታ ይጠብቃል ተባለ። ይህ እምነት የመነጨው መድኃኒቱን የሚወስዱትንና የማይወስዱትን ሴቶች ከማነጻጸር ነበር። ነገር ግን የሚወስዱት አስቀድሞም የተሻለ ትምህርት፣ ገቢና ጤና የነበራቸው ስለሆኑ፣ የኑሯቸው ፍሬ ለክኒኑ ተቈጠረለት።

ይህን ለመለየት በአሜሪካ 16,608 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሁለቱን ሆርሞኖች፣ ግማሾቹ ደግሞ ፍቱን ንጥረ ነገር የሌለውን አምሳያ ክኒን እንዲወስዱ ተደረገ። ጥናቱ በሐምሌ 2002 (ሐምሌ 1994 ዓ.ም.) ከቀነ ገደቡ በፊት ተቋረጠ። ከ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክ፣ 8 ተጨማሪ የሳንባ ደም መርጋት ተገኘ፤ በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የአንጀት ካንሰር በ6 ቀነሰ። ወሬው በዓለም ሲሰማ እጅግ ብዙ ሴቶች መድኃኒቱን ጣሉ፤ ብዙ ሐኪሞችም ማዘዝ ተዉ።

በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የጥናቱ ጥያቄ ተዘነጋ። የተጠኑት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ነበር። የተፈለገውም መድኃኒቱ በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ይከላከል እንደ ሆነ ማወቅ ነው፤ የ48 ዓመት ሴት ከሌሊት ላብ ትገላገል እንደ ሆነ አልነበረም። በ2004 የተዘጋው ሁለተኛው ክፍል፣ ማሕፀናቸው የወጣ 10,739 ሴቶችን የያዘው፣ ኤስትሮጅን ብቻውን ስትሮክን ቢጨምርም የጡት ካንሰርን እንዳላበዛ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ ሚዛኑን አስተካክሏል፦ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ብርቱ ምልክት ላለባትና የሚከለክላት ሕመም ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም የደረሰባት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ልትወስደው አይገባም። በኅዳር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከነበረው ከባድ ማስጠንቀቂያ አብዛኛው እንዲነሣ መወሰኑን ያስታወቀውም በዚሁ መነሻ ነው።

በእኛ ዘንድ

የእኛ አገር ታሪክ በሌላ መንገድ ተጉዟል። በ1947 ዓ.ም. ከተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጀምሮ እስከ 1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ድረስ፣ ለሴት የተሰጠው አገልግሎት በእርግዝና፣ በወሊድና በቤተሰብ ምጣኔ ላይ ያተኮረ ነው። እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ይህ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነበር። ነገር ግን አንድ ክፍተት ትቶ አልፏል። በ2000፣ በ2005፣ በ2011ና በ2016 የተካሄዱት አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የጠየቋቸው ሴቶች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑትን ነው። መዝገቡ የሚዘጋው ማረጥ በሚጀምርበት ደጃፍ ላይ ነው። በምዕራቡ ዓለም ሴቲቱ ያለ አግባብ ታከመች፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ጨርሶ አልተጠየቀችም።

ይህ ሲባል ሆርሞን ለገጠሯ ሴት እንግዳ ነው ማለት አይደለም። ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት በአሜሪካው ጥናት በቀን 2.5 ሚሊግራም በክኒን የተሰጠው ሆርሞን ሲሆን፣ በየሦስት ወሩ 150 ሚሊግራም በመርፌ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያም ይኸው ነው። መርፌው የወር አበባን ሊያስቀር ስለሚችል፣ የ46 ዓመት ተጠቃሚ የደሟ መቅረት ከመርፌው ይሁን ከማረጥ ለይታ ልታውቅ አትችልም። ስለዚህ መርፌዋን ለመውሰድ በመጣች ቀን ስለ ሙቀቱና ስለ እንቅልፏ መጠየቅ ተጨማሪ ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

ምርመራውም ጥንቃቄ ይሻል። በእንጅባራ ብርድ ልብሷ በሌሊት ላብ የሚርስ ሴት የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርባት ይችላል፤ እንደ ጃዊ ባሉት ቆላማ ወረዳዎች ወባ ይጠረጠራል፤ እንቅርት ያለባት ሴት የልብ ምትና ሙቀት ከዚያው ዕጢ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ሳይመረመሩ «የዕድሜ ነው» ብሎ መሸኘት ስሕተት ነው፤ ማረጥን ሳያስቡ የወባ መድኃኒት ደጋግሞ መስጠትም እንዲሁ። ካረጠች ዓመት ካለፋት በኋላ ደም ያየች ሴት ለማሕፀንና ለማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት። ሆርሞን ከማዘዝ በፊት የደም ግፊት መለካት ግዴታ ነው። የወሊድ መከላከያ ክኒን ኤስትሮጅኑ ለማረጥ ከሚሰጠው ይልቅ የበረታ ስለሆነ፣ በተለይ የደም ግፊት ላለባት ሴት «ያው ሆርሞን ነው» ተብሎ በምትኩ ሊሰጥ አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄው ራሱ ይቀድማል። በአገራችን አንዲት ጎልማሳ እናት ስለዚህ ነገር ለልጇ እኩያ ለሆነች ባለሙያ በቀላሉ አትናገርም። «እናቴ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ልማድዎስ እንደ ቀድሞው ነው?» ተብሎ በአክብሮት፣ አማርኛ ለማይቀናቸውም በአዊኛ፣ ብቻቸውን ባሉበት ሲጠየቁ መልሱ ይገኛል። ለብዙዎቹ ያሉበት ሁኔታ ተፈጥሯዊ መሆኑን መስማት ብቻ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለጥቂቶቹ የሐኪም ትእዛዝ ያስፈልጋል።

የመቶ ዓመቱ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ የተሳሳተ ስም ያተረፈው ሴቲቱ ሳትጠየቅ በታዘዘበትና ሳትጠየቅ በተከለከለበት ጊዜ ነው። የማኅበራችን አባላት በየጤና ጣቢያቸው የ45 ዓመቷን እናት ካርድ ሲከፍቱ ስለዚህ ዘመን አንድ መስመር ቢጽፉ፣ መዝገቡ የተወው ዕድሜ በእጃቸው መመዝገብ ይጀምራል።