ከስደት የተላከችው ደብዳቤ

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ከሀገር ወደ ሀገር ሲባረሩ የኖሩትን ጸሐፊ ሰዪድ ጀማሉዲን አል-አፍጋኒን እናስታውሳለን።

ሰዪድ ጀማሉዲን ራሳቸውን «አፍጋኒ» ይበሉ እንጂ፣ አብዛኞቹ የታሪክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1838 ገደማ በኢራን፣ ሐመዳን አጠገብ በምትገኘው አሰዳባድ እንደተወለዱ ይስማማሉ። በግብፅ ስምንት ዓመት አስተማሩ፤ ደቀ መዛሙርታቸውንም በጋዜጣ እንዲጽፉ አበረታቱ። በ1879 ግን የግብፁ ገዥ ተውፊቅ አባረሯቸው።

በ1884 ፓሪስ ላይ ከተማሪያቸው ከሙሐመድ ዐብዱህ ጋር «አል-ዑርወቱል ዉስቃ» የተባለች የዐረብኛ ጋዜጣ አቋቋሙ። «ጠንካራ ዘለበት» ማለት ነው፤ ስሙ ከሱረቱል በቀራ የተወሰደ ነው። ጋዜጣዋ በነፃ ትታደል ነበር። እንግሊዞች ወደ ግብፅና ወደ ሕንድ እንዳትገባ ከለከሏት፤ ከ18 እትም በኋላም ቆመች። ሆኖም ቅጂዎቿ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ረሺድ ሪዳ በወጣትነቱ በአባቱ ወረቀቶች መካከል አግኝቶ አነበባት፤ በ1898ም ካይሮ ላይ «አል-መናር»ን መሠረተ።

ሰዪድ ጀማሉዲን በኋላ ወደ ኢራን ቢመለሱም፣ በ1891 መጀመሪያ በናስረዲን ሻህ ትእዛዝ ታመው ሳለ ተይዘው ወደ ኢራቅ ተጋዙ። ሻሁ ከዚያ በፊት፣ በ1890፣ የሀገሪቱን የትምባሆ ንግድ ለ50 ዓመት ለአንድ እንግሊዛዊ ሰጥቶ ነበር። ሰዪድ ጀማሉዲን ከበስራ ሆነው ሳመራ ለሚኖሩት ታላቅ ዓሊም ለሚርዛ ሐሰን ሺራዚ ደብዳቤ ጻፉ፤ ማዕድኑ፣ መንገዱ፣ ትምባሆው ለባዕድ እየተሸጠ ነው ሲሉ አሳሰቧቸው። ነጋዴውና ዑለማው ቀድመውም ተቃውሞ ጀምረው ነበርና ውጤቱ የደብዳቤዋ ብቻ ነው አንልም። በታኅሣሥ 1891 ግን በሺራዚ ስም ትምባሆን የሚከለክል ፈትዋ ወጣ። በሻሁ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ጋያ ማጨስ እንደቀረ ይነገራል። በጥር 1892 ሻሁ ውሉን ሰረዘ።

በዚያው ዓመት ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ ወደ ኢስታንቡል ጋበዟቸው። ቤትና ደመወዝ ተሰጣቸው፤ እንደልብ የማሳተምና ከከተማዋ የመውጣት ነፃነት ግን አላገኙም። በ1896 ሻሁን የገደለው ሰው የእርሳቸው ተከታይ በመሆኑ ጥርጣሬው በረታ። መጋቢት 9 ቀን 1897 እዚያው በካንሰር ሕመም ሞቱ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ልብ እንበል! ግብፅ ብታባርራቸው ፓሪስ ላይ ጻፉ፤ ሻሁ ቢያግዛቸው ከበስራ ጻፉ። መባረር ያልዘጋውን አንደበት የዘጋው የቤተ መንግሥት ግብዣ ሆነ። የሰጪን እጅ የለመደ ብዕር ለማን እንደሚጽፍ ሁላችንም እንጠይቅ።