«ገጸ ውጥረት» የተገለበጠ ቃል ነው

እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ልጆቻችን በዕብራይስጥ «ሜታኽ ፓኒም» እያሉ የሚማሩትን የፈሳሽ ጠባይ ለወላጅ በአማርኛ ለማስረዳት የሚሞክሩ ሰዎች «ገጸ ውጥረት» ማለት ይዘዋል። ግዕዝ ግዕዝ ስለሚሸት ጆሮ ቶሎ ይቀበለዋል። ግን ተገልብጧል። ገጸ ምድር የምድር ገጽ ነው፤ ቤተ መንግሥት የመንግሥት ቤት ነው። በዚህ ደንብ «ገጸ ውጥረት» የውጥረት ገጽ ይሆናል። ግዕዝ ካስፈለገ «ውጥረተ ገጽ» ነው የሚባለው። ዕብራይስጡ እንኳ መንገዱን ያሳይ ነበር፤ «ቤት ሴፈር» ሲል እንደ «ቤተ መጻሕፍት» ባለቤቱን ኋላ ያስከትላል። ሜታኽ ውጥረት፣ ፓኒም ገጽ፤ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

«የፊት ጭንቀት» የሚሉም አሉ። ሜታኽ ለሰው ጭንቀትም ለኤሌክትሪክ ቮልቴጅም ስለሚያገለግል ነው፤ ውሃ ግን አይጨነቅም። ገጹን «ሽፋን» ማለትም ያሳስታል፤ ውሃው ላይ የተደረበ ሌላ ነገር የለም። ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በጎረቤቶቻቸው ከየአቅጣጫው ሲሳቡ፣ ላይኞቹ ከበላያቸው የሚስባቸው ውሃ ስለሌለ ገጹ ለመጥበብ ይጥራል። በ«ውጥረት» ፈንታ «ልጥጠት» ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ላስቲክ በተለጠጠ ቁጥር ስበቱ ይጨምራል። የንጹሕ ውሃ ገጽ ስበት ግን ገጹ ሰፋም ጠበበም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 72.8 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ነው።

እኔ የምደግፈው ቀላሉን «የገጽ ውጥረት» ነው። ወጠረ ሥራው በደንብ የታወቀ ግሥ ነው፤ ቆዳ በችካል ይወጠራል፣ ጠፍር አልጋ ላይ ይወጠራል፣ ከበሮ ይወጠራል። በሁሉም ውስጥ ከየዳሩ የሚጎትት ኃይል አለ። ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ ነው የሚመጣው፦ ላላ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሰሐን ውሃ ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይነስንሱ፤ ጣትዎን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አስነክተው መሃሉን ይንኩት። ቁንዶ በርበሬው በቅጽበት ወደ ዳር ይሸሻል። ሳሙናው መሃሉን አላላው፤ ዳሩ ግን እንደተወጠረ ስለሆነ ወደ ራሱ ጎተተው። አንድም አዲስ የተውሶ ቃል አላስፈለገም። «ሳሙና የውሃን የገጽ ውጥረት ያላላል» ቢባል፣ ከጎንደር ገጠር የመጡ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው ሊከራከሩበት ይችላሉ።