ክሽፈት፦ ዶቅዶቄ አንድ ዶቅ ሲጎድላት

ሞተር ሳይክል አገራችን ስትገባ ሕዝቡ ዶቅዶቄ አላት። ስሙን ያወጣላት ጆሮ ነው። ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ፤ በየመካከሉ እኩል ፋታ። የዛሬው ቃላችን የሚመለከተው ከዚህ መሀል የምትጎድለዋን አንዷን ዶቅ ነው።

መስከረም ላይ በተዋስኳት አሮጌ ሞተር ከሐሙሲት ወደ አንበሳሜ ስሄድ ያቺ ዶቅ ትጎድልብኝ ነበር። ሜዳው ላይ ደህና ናት። ዳገት ይዛ ነዳጅ ስጨምርላት ግን ዶቅ ዶቅ ትልና ትንፋሿ ቁርጥ ይላል፤ አንዴ ነጥራ እንደገና ትቀጥላለች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ካንዴላ ቀይሬላታለሁ፤ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ ሐሙሲት። አንበሳሜ ስደርስ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ኪያቤውን ዘርግቶ የተቀመጠ ወጣት መካኒክ ገና ከሞተሯ ሳልወርድ፣ «ጋሼ፣ ሚስ ታደርጋለች» አለኝ።

«ሚስ ምን ማለት ነው?»

«ሚስ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጁ በጆሮው ያገኘው ትክክል ነበር። «ሚስ» የሚስፋየር ቁራጭ ነው። ሚስፋየር በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የጠመንጃ ቃል ነበር፤ ቃታው ተስቦ ባሩዱ ሳይነድ ሲቀር የሚባል። ሞተር ሲፈለሰፍ ቃሉ ወደ ሲሊንደር ተዛወረ። አየርና ቤንዚን ገብቷል፣ ፒስተኑ አምቆታል፣ ካንዴላው እሳት የሚረጭበት ቅጽበት ደርሷል፤ ነገር ግን ድብልቁ ሳይቀጣጠል ወይም በቅጡ ሳይነድ በማርሚታው ወጥቶ ይሄዳል። ይኸው ነው።

ለዚህ የአማርኛ ቃል ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥይት አልተኮስ ሲል «ከሸፈ» የምንል ሰዎች ነን። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት አገር ሰው ደግሞ ይህን ቃል ማንም አያስተምረውም። ስለዚህ ሚስፋየርን ክሽፈት እንበለው። ሲሊንደሩ ከሸፈ፣ ይከሽፋል፣ እርጥበት አከሸፈው፤ ግሡ ሳይደናቀፍ ይረባል። አሽከርካሪውስ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታ ውስጥ ደርሶ ሲፈነዳ «ተኮሰ» ይል የለ? ተኩሱ ካለ ክሽፈቱም ያው የቤቱ ልጅ ነው።

ሌሎች አማራጮችን አይቼ ትቻቸዋለሁ። «መሳት» አንደኛው ነበር፤ የሳተ ጥይት ግን ተተኩሶ ዒላማውን ያጣ ነው፤ የእኛው ከነጭራሹ አልወጣም። «አለመቀጣጠል» ልክ ነው፤ ሆኖም ዳገት ላይ ቆሞ ለመካኒክ በስልክ የሚያስረዳ ሰው እንዲህ አይልም። ክሽፈት አንድ ጣጣ አለበት፤ ፖለቲካው ቀድሞ ወስዶታል። የከሸፈ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግርን ዓይነት መፈንቅለ መንግሥት ነው። እኔ ግን ቃሉ ወደ ጥይቱና ወደ እሳቱ ቢመለስ አልጠላም።

ቃሉ ከተተከለ ዘንድ ወሰኑም ይታጠር። ጋራዥ ውስጥ ሚስ የሚባለው ሁሉ ክሽፈት አይደለም። ሞተሩ ዶቅታውን ሳያጓድል ጉልበት ብቻ ሲያጣ፣ ሁለት ሰው ጭኖ ዳገቱን አልወጣ ሲል፣ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ድካም እንበለው። የከሸፈ ሲሊንደር እሳት ወይም ነዳጅ በወቅቱ አላገኘም። የደከመ ሲሊንደር ደግሞ እሳቱንም ነዳጁንም አግኝቶ ማመቅ ያቃተው ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል፣ ቫልቩ አይገጥምም፣ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን ያስተነፍሳል። ብዙ ሰው ኪሱ የሚራቆተው እዚህ ላይ ነው። ለደከመው ካንዴላ ይገዛል፣ ለከሸፈው ሞተር ያስፈታል።

አራት ምት ያለው ሞተር በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይጨመርለት፣ በደቂቃ 1500 ዙር ቢዞር፣ አንዱ ሲሊንደር በዚያች ደቂቃ 750 ጊዜ መተኮስ አለበት። ከዚህ ውስጥ አሥሩ ቢከሽፉ ዓይን አያየውም፤ ጆሮ ግን ይሰማዋል። የዛሬ መኪኖች ኮምፒውተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሞተሩ ዘንግ በየተኩሱ የሚፈጥንበትን ይለካና አንዱ ምት ሲጎድል ሲሊንደሩን ለይቶ ይመዘግባል፤ ኮዱ ፒ0301 ከሆነ አንደኛው ሲሊንደር ከሽፏል ማለት ነው። አሮጌ ሞተር ሳይክል ይህ ስለሌላት ጆሮና መዳፍ ይተኩላታል።

ሁለት ሲሊንደር ባላት ሞተር፣ ለምሳሌ በአሮጌዋ ሆንዳ ሲቢ 200፣ ጥፋተኛውን መለየት ይቀላል፤ የሚመሳከር ወንድም አለው። ሞተሯን ከቅዝቃዜ አስነስቶ ወዲያው በሁለቱም የማርሚታ አንገቶች ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። ጭስስ ብሎ የሚተነው ይሠራል፤ ውሃው ዝም ብሎ ከወረደ ሲሊንደሩ ከሽፏል። ቀጥሎ ሞተሯን አጥፍቶ የሁለቱን ካንዴላ ማቀያየር። ክሽፈቱ ካንዴላውን ተከትሎ ወደ ወንድሙ ከተሻገረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካለበት ካልተነቃነቀ ደግሞ ቆቡ፣ ገመዱ፣ ኮይሉ፣ ካርቡሬተሩ በየተራ ይመርመሩ። ሞተሯ እየሠራች የካንዴላ ቆብ በባዶ እጅ የሚነቅል መካኒክ አይቻለሁ፤ አይልመድብዎት። ንዝረቱ ክፉ ነው፤ መውጫ ያጣው ኤሌክትሪክ ኮይሉንም ሊያቃጥለው ይችላል።

በየመንደሩ የምናየው ግን አብዛኛው ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ባጃጁም እንደዚያው። ማመሳከሪያ ስለሌለው ምስክርነቱን ካንዴላው ይሰጣል። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ዘይት ካራሰው፣ በተለይ አራት ምት ባለው ሞተር፣ ወደ ፋሻው ወይም ወደ ቫልቩ ያመለክታል፤ ያ የድካም ምልክት ነው። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ነዳጁ አንሶታል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ነዳጁ ይጠየቅ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ይዞ መጥቶ ይሆናል፤ ውሃው ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣልና ከመቅዳት በፊት ብርሃን ላይ ማየት አይከፋም።

ስለ ድካም ምርመራ ደጋማው አገር የራሱ ነገር አለው። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የማመቅ ኃይሉ፣ የሚለካው ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው መለኪያ ተገጥሞ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ መርገጫው ደጋግሞ ሲረገጥ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ 150 ፒ.ኤስ.አይ የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚያ ሲለካ 108 ገደማ ቢያነብ አይገርምም። ይህን ያላወቀ ጤነኛ ሞተር አስፈትቶ ፋሻ ያስቀይራል። ከዚያው ከአየሩ ስስነት የተነሳ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ሊከሽፍ ይችላል።

ንባቡ ከዚህም ወርዶ ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን ንባቡ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው ነው። ባለበት ከቆመ ወደ ቫልቩና ወደ ጓርኒሲዮኑ መሄድ። መለኪያ ለሌለው ደግሞ ወረቀት አለ፤ ሞተሯ በሚኒሞ እየሠራች የደብተር ቅጠል ከማርሚታው አፍ አስጠግቶ መያዝ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቻ ከተገፋ ደህና ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ ከተሳበ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። አንዲት የተሳበች ወረቀት ብቻ ይዞ ሞተር ማስፈታት ግን ችኮላ ነው፤ ክሽፈትም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል።

የአንበሳሜው ልጅ ወረቀትም መለኪያም አላወጣም። ሁለት ካንዴላ መቀየሬን ስነግረው፣ «እንግዲያ ካንዴላው ምን አደረገ?» ብሎ ቆቡን ከገመዱ ላይ አሽከርክሮ ፈታው። የክረምቱ እርጥበት ገብቶበት የገመዱ መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ከጫፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል በፒንሳ ቆረጠለት፣ ንጹሕ መዳብ ሲያይ ቆቡን መልሶ አሰረው፣ መርገጫውን አንዴ ረገጠ።

እስከ እስቴ አንዲትም ዶቅ አልጎደለችም። ባሕር ዳርና ሐሙሲት ላይ ከሞተሯ ያወጣኋቸው ሁለት ካንዴላዎች ምንም አልነበራቸውም፤ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።